አጥንቱ ድኖ እጁ ያልዳነው ልጅ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወላጆች፣ ለተማሪዎችና ለወጣት ስፖርተኞች በተዘጋጀ የእሑድ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እዚህም እዚያም ቃል ከማስተካከል በቀር እንደተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ከኋላ የተደረደራችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

በዚህ ሰዓት ነፋሱ ከጣና በኩል ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር መቀመጥ ያምረዋል። እናንተ ግን ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ ልትሰሙ አዳራሽ ገብታችኋል። ከልቤ አመሰግናችኋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የተሰበረ፣ የታመመ፣ ለወራት አልጋ ላይ የቆየ ሰው እንደገና እንዲንቀሳቀስ ማገዝ ሥራዬ ነው። የተሰጠኝ ርእስ «ሰውነታችን እንዴት ይንቀሳቀሳል?» የሚል ነው። ሦስት ነገሮች አነሣለሁ፤ አጥንትን፣ ጡንቻንና ነርቭን። አራተኛም አለኝ። እሱን ወደ መጨረሻ አደርገዋለሁ፤ ለመናገር ስለሚከብደኝ ነው።

መጀመሪያ ግን ቀኝ እጃችሁን አንሡ። ሁላችሁም! አባቶችም አንሡ። ጨብጡ። ዘርጉ። አሁን በግራ እጃችሁ ከቀኝ ክርናችሁ ዝቅ ብሎ ያለውን ሥጋ ያዙና እንደገና ጨብጡ፤ ዘርጉ። ምን ተሰማችሁ? ከቆዳው ሥር የሚላወስ ነገር አለ፤ አይደለም? የተንቀሳቀሰው ጣታችሁ ነው፤ የተላወሰው ሥጋ ግን ክርናችሁ አጠገብ ነው። ለምን ይሆን? በጣቶቻችሁ ውስጥ ጣት የሚያንቀሳቅስ ጡንቻ ስለሌለ ነው! ትንንሾቹ መዳፍ ውስጥ አሉ፤ ጉልበተኞቹ ግን ክንድ ላይ ተቀምጠው ጣትን ከሩቅ በረጅም ጅማት ይስቡታል።

ዶሮ ገንጥላችሁ የምታውቁ እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የዶሮዋ እግር ተቆርጦ ሲጣል ከቁርጡ ላይ ነጭ ጅማት ብቅ ትላለች። እኔና ታናናሾቼ በዓል በመጣ ቁጥር ያንን እግር ለመያዝ እንጣላ ነበር። ጅማቷን ሳብ ሲያደርጓት ጣቶቹ ጭብጥ ይላሉ። ዶሮዋ ታርዳለች፤ ወጧ እየተቁላላ ነው፤ እግሯ ግን በእጄ ውስጥ ይጨብጣል። ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት ያ እግር አስተምሮኛል። ይህን የዶሮ እግር አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አንደኛው አጥንት ነው። አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ከዚህ ይበልጣሉ፤ እያደገ ሲሄድ አንዳንዶቹ ይጋጠማሉ። አጥንት እንደ ቤት ምሰሶ ደረቅ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ደም የሚመላለስበት፣ ሲሰበር ራሱን የሚጠግን ሕያው አካል ነው። ሌላም ሥራ አለው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶ የሚሆነው የተቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው። ጡንቻ ደግሞ ያለ ካልሲየም መኮማተር አይችልም፤ ነርቭም ያለ ካልሲየም መልእክቱን ለጡንቻ አያደርስም። በደም ውስጥ ያለው ሲጎድል አጥንት ካጠራቀመው ያበድራል። አያችሁ? አጥንት ተሸክሞ ብቻ አይቆምም፤ ያበላል። ሕፃን ልጃችሁን የጠዋት ፀሐይ ስታሞቁ ቆዳው ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያ ቫይታሚን ካልሲየሙ ከምግብ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያደርጋል። አያቶቻችን ምክንያቱን በዚህ ስም ባይጠሩትም ልጅ ፀሐይ ማሞቅን አላቋረጡም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላቁም። «ጅማት» እንላለን። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስረውም ጅማት ነው፤ የበገና አውታርም ጅማት ነው፤ እግሩ የደነዘዘ ሰውም «ጅማቴ ተነካ» ይላል። እኔ ጋ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ «ጅማት ነው» ብለው ይጀምራሉ። የቱ ጅማት? ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ገመድ ነው ወይስ መልእክት የሚያመላልሰው ነርቭ? ገመዱና ነርቩ ሲታዩ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ረጅም ናቸው፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጅማት ይስባል። ነርቭ ይናገራል። ዛሬ ጅማት ስል ገመዱን፣ ነርቭ ስል ተናጋሪውን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ጡንቻ ነው። ከአጥንት ጋር ተያይዘው እኛን የሚያንቀሳቅሱን ጡንቻዎች ከ600 ይበልጣሉ። ስለ እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም። እደግመዋለሁ፤ ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም! «በር ስገፋስ?» ትሉኝ ይሆናል። በር ስትገፉ ከክንዳችሁ በስተኋላ ያለው ጡንቻ ክርናችሁን ስቦ ይዘረጋዋል። በሩን የገፋው እጃችሁ ነው፤ ጡንቻው ግን ስቧል። ስለዚህ ክንድ የሚያጥፍ ጡንቻ ካለ የሚዘረጋ ሌላ ጡንቻ የግድ ያስፈልጋል። የታጠፈ ክንድ በራሱ ጡንቻ ተገፍቶ አይዘረጋም።

አባቴ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶና ቡና በታንኳ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ታንኳ ስል የደንገሉን ነው፤ የሞተሩን አይደለም። ሐይቁ ከቀትር በኋላ ስለሚናወጥ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሚነሣው። አንዳንድ ቀን ይዞኝ ይሄዳል። ከኋላው እቀመጥና ጀርባውን አያለሁ። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። መቅዘፊያው በቀኝ ውኃ ሲገባ በቀኙ ትከሻ ሥር ያለው ሥጋ ተነሥቶ ይቋጠራል፤ ግራው ይተኛል። ከዚያ ግራው ይነሣል፤ ቀኙ ይተኛል። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ባሕር ዳር። «አባዬ፣ አይደክምህም ወይ?» አልሁት አንድ ቀን። «አንዱን እያሳረፍሁ በአንዱ እሄዳለሁ» አለኝ።

አባቴ የተናገረው ከቀኝና ከግራው ይልቅ ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ እንደሚሠራ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን አንድ ጡንቻ «ተኮማተር» ሲባል ተቃራኒው ጡንቻ በዚያው ቅጽበት «ላላ በል» እንደሚባል በምርምሩ አሳይቷል። ስለ ነርቭ ሕዋሳት ላደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማትን ከኤድጋር አድሪያን ጋር ተካፍሏል። ሁለቱም ጡንቻዎች እኩል ቢስቡ ክንዳችሁ እንደ እንጨት ድርቅ ይላል። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ክንዳቸው ታጥፎ አልዘረጋም ሲላቸው አይታችኋል? ጡንቻው በዝቶበት አይደለም። «ላላ በል» የሚለው መልእክት መንገድ ላይ ስለቀረ ነው።

ጡንቻው ራሱ እንዴት ነው የሚያጥረው? ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ከውኃ ሲያወጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ እጅ ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፤ ሌላው ወደፊት ሄዶ ይይዛል። በእያንዳንዱ የጡንቻ ክር ውስጥ ማዮሲን የሚባሉ ወፈር ያሉ ዘንጎችና አክቲን የሚባሉ ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ማዮሲኑ ብዙ ትንንሽ እጆች አሉት። በእነሱ አክቲኑን ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ዘንጎቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1954 በሁለት የተለያዩ የተመራማሪዎች ቡድኖች በአንድ ጊዜ ነው የታተመው።

የሚገርመኝ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? እጁ ጉልበት የሚያወጣው ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ለመልቀቅም ነው። ጉልበቱ ኤቲፒ ይባላል። ቅርጫ የገባችሁ ሰዎች አስታውሱ፤ ወዲያው የተበለተ ሥጋ በቅጠሉ ላይ እንዳለ ይንቀጠቀጣል። በሬው ሞቷል፤ ጡንቻው ግን ኤቲፒው ገና አላለቀም። ከሰዓታት በኋላስ? ያው ሥጋ ይገትራል። ኤቲፒው ሲያልቅ የማዮሲኑ እጆች እንደጨበጡ ይቀራሉ፤ የሚያስለቅቃቸው የለም። ሬሳም የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። መላላት ዕረፍት ብቻ ይመስለናል፤ ሕይወት ያለው ጡንቻ ለመላላትም ይከፍላል።

ሦስተኛው ነርቭ ነው። ክርናችሁ ከወንበር ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ እስከ ትንሿ ጣታችሁ ድረስ ኤሌክትሪክ የያዛችሁ ያህል ተሰምቷችሁ ያውቃል? የተመታው አጥንቱ ብቻ አይደለም። በክርናችሁ ውስጠኛ ጎን፣ አጥንትና ቆዳ መካከል፣ ያለ ምንም የሥጋ መከታ አንድ ነርቭ ያልፋል። የጮኸው እሱ ነው። ነርቭ በርግጥም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ጣልያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚፈራገጥ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1791 አሳተመ። የዚህ ሁሉ ጥናት መነሻ አንድ የእንቁራሪት እግር ናት ማለት ነው።

ከአንጎል የተነሣ ትእዛዝ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ባለው በህብለ ሰረሰር ወርዶ ወደ ጡንቻው በሚሄደው ነርቭ ይተላለፋል። ከወገባችሁ ተነሥቶ እስከ እግራችሁ ጣት የሚደርሰው አንድ የነርቭ ሕዋስ ብቻውን 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ሕዋስ! ፈጣኖቹ ነርቮች በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ያስኬዳሉ። መልእክቱ ጡንቻው ደጃፍ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈሳል፤ ጡንቻው ውስጥ ያለው ካልሲየም ይለቀቃል፤ ማዮሲኑ መረቡን መጎተት ይጀምራል። ዓይን የሚያዞረው ጡንቻ ላይ አንድ የነርቭ ሕዋስ የሚያዝዘው አሥር ገደማ ክሮችን ነው። ጭን ላይ ግን አንዱ የነርቭ ሕዋስ ከሺሕ በላይ ክሮችን ሊያዝ ይችላል። ዓይን በፀጉር ስንጥር ልክ መዞር አለበት፤ ከጭን የሚፈለገው ጉልበት ነው።

ነርቭ ያዝዛል ብቻ ሳይሆን ወሬም ይዞ ይመለሳል። የጋለ ምጣድ በእጃችሁ ሲነካ መጀመሪያ የሚሆነው የቱ ነው፤ ማመሙ ወይስ እጅ መሸሹ? እጃችሁ ይሸሻል! ያንን ውሳኔ የወሰነው አንጎላችሁ አይደለም፤ ህብለ ሰረሰር ነው። የሚያቃጥለውን ሕመም ይዞ የሚመጣው ነርቭ ቀጭንና ዘገምተኛ ነው፤ በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ፣ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። እጃችሁ ከሸሸ በኋላ ይደርሳል። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ጉርሻ አፋችሁን ስቶ የሚያውቀው ስንት ጊዜ ነው? ጡንቻዎቻችሁ ውስጥ ምን ያህል እንደተለጠጡ የሚለኩ መለኪያዎች ስላሉ፣ እጃችሁ የት እንዳለ ሳታዩት ታውቁታላችሁ። እስክስታ የሚወርድ ሰውስ ትከሻውን እያየ ነው እንዴ የሚወርደው? ጀርባችን ላይ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት በጡንቻ ተከቦ የጎድን አጥንቶች ላይ እንደ ተንሳፋፊ ነው። ከደረት አጽም ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ አጥንት ከፊት ያለው የአንገት ሥር አጥንት ነው። በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች በከበሮው ምት ልክ ይቀባበሉታል። የጎጃም ትከሻ እንዲያ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፖሊዮ የያዘው ልጅ እግር አይታችኋል። አጥንቱ አልተሰበረም። ጡንቻውን ማንም አልነካውም። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው አዛዥ ሕዋስ ሞተ፤ ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ መነመነ፤ ጡንቻ ያልጎተተው አጥንት ደግሞ እንደ እኩያው ሳያድግ አጠረ። በአንዱ መታመም ሦስቱም ተጎዱ። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ።

14 ዓመቴ ነበር። የ9 ዓመት ልጅ የነበረው የአጎቴ ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወደቀና ቀኝ እጁ ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ወደ አንድ ወጌሻ ተወሰደ። ወጌሻው አጥንቱን በእጁ ዳስሶ አገጣጠመው፤ በቀርከሃ ስንጣሪ ዙሪያውን ደግፎ በጨርቅ አጥብቆ አሰረው። ሌሊቱን ልጁ አለቀሰ። «አጥንት ሲገጥም ያማል፤ ቻል» ተባለ። እኔ ነኝ አጠገቡ የተኛሁት። በማግሥቱ ጣቶቹ አብጠዋል፤ ጥፍሮቹ ደም የላቸውም። እጁን ስይዘው ሌሊት ውጪ ያደረ ብረት ይመስል ይቀዘቅዛል። በሁለተኛው ሌሊት ማልቀሱን ተወ። ዞር ብሎ «እታለም፣ ጣቶቼ የሉም» አለኝ። «አሉ፤ ይኸው ይዤልሃለሁ፤ ዝም ብለህ ተኛ» አልሁት። ሕመሙ የቀለለው መስሎን ሁላችንም ደስ አለን።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ተፈታ። ሐኪም ቤት ተወስዶ ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ድኖ ነበር። ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ድኖ ነበር! እጁ ግን አልዳነም። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል፤ አይዘረጉም።

ምን ነበር የሆነው? ክንዳችን ላይ ያሉ ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ለብሰው በክፍል በክፍል ተቀምጠዋል። በነሱ መካከል ነርቮቹና የደም ሥሮቹ ያልፋሉ። አጥንት ሲሰበር ሥጋው ያብጣል። ከውጪ በጥብቅ የታሰረ እጅ ሲያብጥ መሄጃ የለውምና ወደ ውስጥ ይጫናል። ደም መግባት ያቅተዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ለስድስት ሰዓት ያህል ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ መሞት ይጀምራል። የሞተው ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳም እየጠነከረ ያጥራል። ጣቶቹን ስቦ ያስቀራቸው ይኸው ነው። ማልቀሱን ሲተው ሕመሙ አልቀለለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ነው ዝም ያለው። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ይህንኑ ከጥብቅ ማሰሪያ ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ1881 ጽፎታል። ከ140 ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ነው፤ ከዘጌ መንደራችን ግን አልደረሰም ነበር።

ወጌሻዎችን ለመንቀፍ አልቆምሁም። ወልቆ የተመለሰ፣ ተሰብሮ የዳነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት አለ! ጀሶም ቢሆን ሲጠብቅ ያንኑ ያደርጋል። የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። ልጃችሁ ከተሰበረ አጥንቱ ገጠመ ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ጣቶቹን እዩ። ማንም ያሥረው፣ ማንም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሌሊትም ቢሆን ተነሥታችሁ ጣቶቹን እዩ! ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ነጭ የሆነው በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ አስቡ። ንኩት፤ ቀዝቅዟል? ይሰማሃል በሉት፤ ደንዝዟል? አንቀሳቅስ በሉት፤ አልንቀሳቀስ ብሎታል? ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ይጮኻል? ሕመሙ በማስታገሻ እንኳ እየባሰበት ሄዷል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያውን ፍቱት፤ አትሹት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የተፈታ አጥንት እንደገና ይታሰራል። የሞተ ጡንቻን ግን እኔም ሆንሁ ሌላ ባለሙያ አንመልሰውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የልጆች አባት ነው። ስሄድ ቡና ይፈላልኛል። ሲኒ ሲያነሣ እንዴት እንደሚያነሣ ልንገራችሁ። የእጁን አንጓ ወደ ታች ያጥፋል፤ ያን ጊዜ ያጠረው ጅማት ትንሽ ይላላና ጣቶቹ ገርበብ ይላሉ። ሲኒዋን መካከላቸው ያስገባል። ከዚያ አንጓውን ቀና ያደርጋል፤ ጅማቱ ይወጠራል፤ ጣቶቹ ሲኒዋን ጭብጥ ያደርጋሉ። እንደዚያ የዶሮ እግር። ማንም አላስተማረውም፤ ብቻውን ነው ያገኘው። አንድም ጠብታ አያፈስስም።

እኔ እስከዚህ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። እዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አባት ቀድመው አንሥተዋል፤ እርስዎ ይጀምሩ።